ባትሪው ነው ወይስ ዲናሞው?

የመኪና ዲናሞን መመርመርና መለወጥ



ካፉሪ በካርቱም ባሕሪ፣ ከጥቁር ዓባይ ማዶ የሚገኝ ሰፈር ነው። በዚያና በአካባቢው በሾፌርነት፣ በጥበቃ፣ በቤት ሥራና በጋራዥ ተቀጥረን የኖርን ጥቂቶች አይደለንም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሳ ብዙ ሰው በወድ መደኒ በኩል ወደ ገዳሪፍ የወጣው በተገኘው መኪና ነበር። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ባለው ጉዞ ዲናሞው የማይሞላ መኪና ሞተሩ አንዴ ከጠፋ አይነሳም፤ ሌሊት ከሆነም መብራቱ እየደከመ ሄዶ ድርግም ይላል። ካፉሪ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ በሱዳን ጦር ሠራዊት እጅ ተመልሳ ከገባች ወዲህ ደግሞ፣ ወደ ከተማይቱ የሚመለሱ ሰዎች ለብዙ ጊዜ የቆሙ መኪናዎችን ለማስነሳት ባለሙያ ይሻሉ።

ስለዚህ ትምህርቱ መንገደኛንም ሠራተኛንም ይጠቅማል። ለማስጨበጥ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ሳንለካ ዕቃ አንግዛ። ጥፋቱ የዲናሞው ሆኖ ሳለ ባትሪ መለወጥ አህያውን ትቶ ዳውላውን መምታት ነው። አዲሱ ባትሪም በቀናት ውስጥ ይሞታል፤ ለእርሱ የወጣው ገንዘብ ግን ከቤተሰብ ቀለብ የተቀነሰ ነው።

1. ዲናሞ ምን ይሠራል?

ባትሪው ሞተሩን ለማስነሳት ለሞተሪኖው ኃይል ይሰጣል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ቺንጋው ዲናሞውን ያሽከረክራል፤ ዲናሞውም መብራቱን፣ ማራገቢያውንና ሌላውን ሁሉ እየመገበ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። በውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጥቅልል ሽቦ፣ ለሚሽከረከረው ክፍል ኃይል የሚያደርሱ ሁለት ካርቦኖች፣ ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ቀጥተኛ የሚያደርጉ ዳዮዶች፣ ቮልቱን የሚቆጣጠር ሬጉሌተርና ሁለት ኩሽኔታዎች አሉ።

ዛሬ ዲናሞ የምንለው ዕቃ ትክክለኛ ስሙ አልተርኔተር ነው። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1960 ሞዴል በቫሊያንት መኪናው ላይ ከገጠመው ወዲህ የጥንቱን ዲናሞ እየተካ መጥቷል። ስሙ ግን በእኛም በሱዳኖችም አፍ ዲናሞ እንደሆነ ቀርቷል።

2. የበሽታው ምልክቶች

- ሞተሩ እየሠራ በዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ ምልክት ያለበት ቀይ መብራት ሲበራ፤
- ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የፊት መብራት ሲደክም፣ ነዳጅ ሲሰጠው ሲደምቅ፤
- ቺንጋው ሲጮህ ወይም የተቃጠለ ጎማ ሲሸት (ቺንጋ መላላት)፤
- ከዲናሞው የመፍጨት ድምፅ ሲሰማ (የኩሽኔታ ማለቅ)፤
- ባትሪው ሲፈላና ውኃው ቶሎ ቶሎ ሲጎድል (ሬጉሌተሩ ከልክ በላይ ማሳለፉ)፤
- ማታ ደህና የነበረ ባትሪ ጠዋት ባዶ ሆኖ ሲገኝ (አንዳንዴ የዳዮድ መበላሸት)።

የካርቱም አየር በሽታውን ያባብሳል። በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበልም ይነሳል። ሙቀት የባትሪንና የዳዮድን ዕድሜ ያሳጥራል፤ አቧራም ካርቦንንና ኩሽኔታን ይበላል።

3. ሳንፈታ የምናደርገው ምርመራ

አንደኛ፣ ቺንጋውን እንይ። ሞተሩ ጠፍቶ ረጅሙን ክፍል በአውራ ጣት ስንጫነው በብዙ መኪናዎች ላይ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረግባል። ከዚያ በላይ ከረገበ እንወጥረዋለን፤ ከተሰነጠቀ ወይም እንደ መስታወት ካብለጨለጨ እንለውጠዋለን።

ሁለተኛ፣ የባትሪውን ጫፎች እንይ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ ሽቦዎቹን ፈትተን በሙቅ ውኃና በሶዳ እናጥባለን፤ አድርቀንም አጥብቀን እናስራለን።

ሦስተኛ፣ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ የባትሪው ቀይ መብራት መብራት አለበት። ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሎ ወይም ሽቦው ተበጥሶ ይሆናል። በብዙ አሮጌ መኪናዎች ዲናሞው ሥራ የሚጀምርበት ኃይል በዚህ አምፖል በኩል ስለሚያልፍ፣ በአንዲት ትንሽ አምፖል ምክንያት ደህና ዲናሞ ሊጣል ይችላል።

አራተኛ፣ በቴስተር ከባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ እንለካ። ለ12 ቮልት መኪና ንባቡ እንዲህ ይተረጎማል፦

- ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ፦ 12.6 ሙሉ፣ 12.2 ግማሽ ያህል፣ ከ12 በታች ባዶ።
- ሞተሩ እየሠራ፦ ከ13.8 እስከ 14.5 ከሆነ ዲናሞው ይሞላል።
- ሞተሩ እየሠራ ከ13 በታች ከሆነ አይሞላም።
- ከ15 በላይ ከሆነ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል።

24 ቮልት በሆኑ ከባድ መኪናዎች ቁጥሩን እጥፍ እናድርግ። ከዚያም መብራትና ማራገቢያ አብርተን፣ ነዳጅ ትንሽ ሰጥተን እንደገና እንለካ። ጭነት ሲበዛበት ንባቡ ከ13 በታች ከወረደ ዲናሞው ደክሟል ወይም ቺንጋው ይንሸራተታል።

አምስተኛ፣ ሞተሩ እየሠራ መብራቱም በርቶ ሳለ ከዲናሞው ወፍራም ሽቦ መነሻ እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ድረስ እንለካ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ ጥፋቱ የሽቦው ወይም የማሰሪያው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሽቦ ፈትቶ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» ማለት በጥንቱ ዲናሞ ዘመን የተለመደ ነበር። በአልተርኔተር ላይ ግን ቮልቱ በድንገት ስለሚዘል ዳዮዱንና ሬጉሌተሩን ያቃጥላል። ይህን የሚያደርግ ካለ እንከልክለው።

4. አፈታትና አገጣጠም

ሀ. ከሁሉ አስቀድሞ የባትሪውን ኔጋቲቭ ሽቦ እንፈታለን። የዲናሞው ወፍራም ሽቦ ሁልጊዜ ኃይል ስላለው መፍቻ ቢነካው ይፈነዳል።
ለ. የሽቦዎቹንና የቺንጋውን አሄድ በወረቀት ላይ እንስላለን።
ሐ. የመወጠሪያውን ቡሎን አላልተን ቺንጋውን እናወጣለን፤ ሽቦዎቹንና የማሰሪያ ቡሎኖቹን ፈትተን ዲናሞውን እናወርዳለን።
መ. አዲስ ከመግዛታችን በፊት አሮጌውን እንመርምር። በብዙዎች ላይ ካርቦኑ ከ5 ሚሊ ሜትር ያህል ካነሰ አልቋል። ካርቦን ወይም ኩሽኔታ ብቻ መለወጥ ሙሉ ዲናሞ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል። በሱዳን ገበያ ካርቦኑን «ፈሐማት»፣ ቺንጋውን «ሴር» ብለን እንጠይቅ።
ሠ. ሙሉውን የምንለውጥ ከሆነ አሮጌውን ይዘን እንሂድ። ቮልቱ፣ አምፔሩ፣ የፑሌጃው ዓይነት፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ርቀትና የሽቦ መሰኪያው አንድ መሆን አለባቸው።
ረ. ስንገጥም ቺንጋውን ለመወጠር ዲናሞውን በብረት ብንገፋ ከፊት በኩል ካለው ጠንካራ አካል ብቻ ይሁን። ኔጋቲቩን የምናስረው በመጨረሻ ነው።
ሰ. ባዶ ባትሪ አዲሱን ዲናሞ እንዳያግለው አስቀድመን በቻርጀር እንሙላው። ሞተሩን አስነስተንም እንደገና እንለካ።

ለናፍጣ መኪና የተለየ ጥንቃቄ፦ እንደ ቶዮታ ሂሉክስ ባሉ ብዙ የናፍጣ መኪናዎች ከዲናሞው ጀርባ ፍሬኑን የሚያግዝ የቫኪዩም ፓምፕ አለ። አዲሱ ዲናሞም ይህ ፓምፕ ሊኖረው ይገባል። የዘይትና የአየር ጎማዎቹ በትክክል ካልታሰሩ ፍሬኑ ይደነድናል፤ ስለዚህ ከመንገድ ከመውጣታችን በፊት በቆመበት ፍሬኑን እንፈትን።

5. ለራሳችን

ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ ስለሚፈነዳ ሲጋራና እሳት ይራቅ። ነጠላ፣ ሻሽ፣ ረጅም እጅጌና ቀለበት ከቺንጋው አጠገብ አይቅረቡ። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ውኃ አጥበን ወደ ክሊኒክ እንሂድ።

ለመለማመጃ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. አንድ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ 12.5፣ እየሠራ 12.1 ያነባል። ቺንጋው ደህና ነው። ቁልፉ ሲከፈት ቀዩ መብራት አይበራም። ከሁሉ አስቀድሞ ምን እናያለን?
2. ሌላው እየሠራ 15.6 ያነባል፤ ባለቤቱ አዲስ ባትሪ ሊገዛ ነው። ምን እንመክረዋለን?
3. ለስድስት ወር የቆመ መኪና ባትሪው 11.4 ያነባል። ዲናሞው ተበላሽቷል ለማለት ይህ ብቻ ይበቃልን?

ሁለት ሦስት ሆናችሁ በአንድ ቴስተር ተለማመዱ። መልሶቹ ሁሉ ከላይ ካለው ትምህርት ይገኛሉ።