የጓዳው መደብ

በጓዳችን መደብ ላይ ምን ምን ተቀምጧል? እስቲ እንቁጠር። እኛ ለማስተማር የመጣነው ተማሪዎች ባረፍንበት ቤት ቆጥረን ነበር። እንስራ፣ ድስት፣ ማጭድ፣ የበሬ ጠፍር፣ ያልታጠበ ጣባ፣ የላምባ ጠርሙስ። ሌማቱ ቦታ አጥቶ ጠፍሩ ላይ ተቀምጧል።

ዝንብ ከዐይነ ምድር ተነሥታ ወደዚህ ትመጣለች። እግሯ ጠጕራም ስለሆነ ቆሻሻ ይዛ ትዞራለች። ካልታጠበው ጣባ ተነሥታ በሕፃኑ ምግብ ላይ ታርፋለች። ከዚያ ተቅማጥ ይመጣል።

ከሁሉ ያስፈራን ግን የላምባው ጠርሙስ ነው። ከውሃ መጠጫው አጠገብ! ላምባ ውሃ ይመስላል፤ የጠማው ልጅ አይለየውም። ልጅ ላምባ ቢጠጣ እንዲያስመልስ አይደረግም፤ ሲያስመልሰው ላምባው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

እማማ፣ «ታዲያ ልጆቼ፣ የት ላድርገው? ቤቱ እንደሆነ አንድ ነው» አሉን። እውነታቸውን ነው። አባወራው በማግስቱ ከባሕር ዛፍ እንጨት ደጅ ላይ ቆጥ ሠሩ። የታጠበው ዕቃ እዚያ ተደፍቶ በፀሐይ ይደርቃል። ማጭዱና ጠፍሩ ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ ላምባው ልጅ ከማይደርስበት ወጣ። መደቡም ተጠርጎ ተለቀለቀ። እማማ ከፋሲካ ጀምሮ የጠፋባቸውን ወስፌ ከጠፍሩ ሥር አገኙት።