ቁልፉን ለማን ነው የምናስረክበው?

ቢስሚላሂር ረህማኒር ረሂም



የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ሜሴንጀር፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በሀገራችን ሲዘጉ በሰፈራችን መጀመሪያ የተጨነቁት ልጆቻቸውን ዓረብ ሀገር የላኩ እናቶች ነበሩ። አንዲት ጎረቤታችን ከዙህር ሰላት በኋላ ስልካቸውን ይዘው መጡና «ልጄ፣ የዚያችን ልጅ ድምፅ ከሰማሁ ሰነበትኩ፤ ስለ አላህ ብለህ አንድ ነገር አድርግልኝ» አሉኝ። እኔም በነጻ ከሚገኙት «ቪፒኤን» ከሚባሉት ፕሮግራሞች መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈበትን ጫንኩላቸው። የልጅቷ ድምፅ መጣ፤ የእናትየው ዱዓም ዘነበልኝ። ወሬው ተሰምቶ አሥር ለሚሆኑ ሰዎች እንደዚሁ አደረግኩ።

ቆየት ብዬ ፕሮግራሙ በራሴ ስልክ ላይ የወሰደውን ፈቃድ ሳነብ ግን ደነገጥኩ። የስልክ ቁጥር መዝገቤን፣ ፎቶዎቼንና ያለሁበትን ቦታ ለማየት ተፈቅዶለታል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚገልጽ አንድ መስመር እንኳ የለም። እነዚያ ሰዎች ያመኑት እኔን ነበር፤ እኔ ደግሞ አማናቸውን ለማላውቀው ሰው አሳልፌ ሰጠሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

ለመሆኑ አንድ ድረ ገጽ የሚዘጋው እንዴት ነው? መዝጊያው ብዙ ዓይነት ስለሆነ መክፈቻውም እንደዚያው ይለያያል።

አንደኛው የስም መዝጊያ ነው። የድረ ገጽ አድራሻ ስንጽፍ ስልካችን ስሙን ወደ ቁጥር የሚለውጥለትን «ዲኤንኤስ» የሚባል ማውጫ ይጠይቃል። ማውጫው በአገልግሎት ሰጪው እጅ ከሆነ «እንዲህ የሚባል የለም» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ለዚህ መፍትሔው እንደ 1.1.1.1 ወይም 8.8.8.8 ያለ ሌላ ማውጫ መጠቀም ነው።

ሁለተኛው መንገድ ላይ ቆሞ መከልከል ነው። አገልግሎት ሰጪው የምንሄድበትን ቁጥር አይቶ ያግዳል፤ ወይም ግንኙነቱ ሲጀመር በግልጽ የሚታየውን የድረ ገጽ ስም አንብቦ ያቋርጣል። እዚህ ላይ ማውጫ መቀየር አይጠቅምም፤ በሦስተኛ ወገን በኩል መሻገር ያስፈልጋል። ቪፒኤን የሚሠራው ይህንን ነው።

ሦስተኛው መሻገሪያውን ራሱን ለይቶ ማገድ ነው። የመረጃው አካሄድ እየተፈተሸ ቪፒኤን ወይም «ቶር» መሆኑ ከታወቀ ይቆረጣል። የቶር አዘጋጆች በግንቦት 2004 ዓ.ም. ይህ በኢትዮጵያ መጀመሩን አስታውቀው ነበር። ለዚህ ሲባል ቶር በይፋ ያልተዘረዘሩ «ድልድዮች» የሚላቸው መግቢያዎች አሉት፤ «ሳይፎን» የተባለው ፕሮግራምም የተሠራው እንዲህ ያለውን እገዳ ለማለፍ ነው።

አራተኛው ኢንተርኔቱን ጨርሶ ማጥፋት ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ያህል እንደሆነው መስመሩ ራሱ ሲጠፋ ቪፒኤንም ሆነ ቶር አይረዳም። በዚህ ጊዜ «እኔ ዘንድ መክፈቻ አለ» የሚል ሰው ቢመጣ ገንዘባችሁን እንዳትሰጡት።

እንግዲህ ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። ቪፒኤን በስልካችንና በሌላ ሀገር ባለ ኮምፒውተር መካከል በምስጢር የተሸፈነ መስመር ይዘረጋል። አገልግሎት ሰጪው ወደዚያ ኮምፒውተር መሄዳችንን እንጂ ከዚያ ወዴት እንደምንሻገር አያይም። ነገር ግን ከእርሱ የሸሸግነውን አሁን የሚያየው የቪፒኤኑ ባለቤት ነው። ስለዚህ ከተመልካች አልተሰወርንም፤ ተመልካች ቀየርን እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2016 አውስትራሊያ በሚገኘው ሲ.ኤስ.አይ.አር.ኦ. የምርምር ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር 283 የአንድሮይድ ቪፒኤን ፕሮግራሞችን መርምረው ነበር። ከመቶ 38ቱ የጎጂ ፕሮግራም ምልክት ታይቶባቸዋል፤ ከመቶ 18ቱ ደግሞ መረጃውን በምስጢር እንኳ አይሸፍኑም ነበር።

ታዲያ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ባለቤቱ የታወቀና አሠራሩ በገለልተኛ ሰዎች የተመረመረ ፕሮግራም እንምረጥ። ከሰው ወደ ሰው በብሉቱዝ የሚተላለፈውን አንጫን። ቪፒኤን የስልክ ቁጥር መዝገብና ፎቶ ለማየት ፈቃድ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም፤ ከጠየቀ ይቅርብን። የሚያስፈልገን አንድ መልእክት መላላኪያ ብቻ ከሆነ ስልኩን በሙሉ ማሻገር ግድ አይደለም፤ ቴሌግራም የራሱ ፕሮክሲ መግቢያ አለው፤ ዋትስአፕም እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ ይህንኑ አክሏል። በማናውቀው ቪፒኤን ላይ ሆነን የባንክ ሒሳባችንን አንክፈት። መሻገሪያውም አስቀድሞ በሰላሙ ጊዜ ይዘጋጅ፤ እገዳው ሲመጣ መጫኛው ገጽም አብሮ ሊዘጋ ይችላልና።

በባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ያሉ እህቶቻችን ደግሞ የሚኖሩበትን ሀገር ሕግ ሳያውቁ እንዳይነኩት እንምከራቸው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሕግ የኢንተርኔት አድራሻን ደብቆ ወንጀል መፈጸምን በእስራት ወይም ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም በሚደርስ መቀጮ ወይም በሁለቱም ይቀጣል።

በመጨረሻም የተከፈተው በር ሁሉ የኸይር በር አይደለም። የዲን ትምህርት ያለበትን ገጽ የሚከፍተው ቁልፍ የፋሒሻንም ገጽ ይከፍታል፤ በእገዳ ሰዓት በጓሮ በር የሚገባው ወሬም ብዙ ጊዜ ያልተጣራ ነው። የሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ የመጣልንን ወሬ እንድናጣራ ያዘዘን በስልክ ለሚመጣውም ጭምር ነው። ኒያችንን የምናስተካክለው ቁልፉን ከማዞራችን በፊት ይሁን።

እኔም ያበላሸሁትን ለማስተካከል በየቤቱ ዞርኩ። ጎረቤታችን ነገሩን ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ የልጄን ፎቶ የማያውቃት ሰው ዓይቶት ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ፕሮግራሙን አጥፍቼ የመረመርኩትን ሌላ ጫንኩላቸው፤ አውፍ እንዲሉኝም ለመንኳቸው።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።