ልብ ሥራ ይፈልጋል



ብዙዎቻችን ያደግነው ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ በሚውል አባት ቤት ነው። የእኔ አባት እዚህ ቶሮንቶ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ነድቷል። ማታ ሲገባ በጣም ስለሚደክመው «ስፖርት ሥራ» ማለት ነውር ይመስለኝ ነበር። የደም ግፊት እንዳለበት የተነገረው ዕለት ግን አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ሐኪሟ ያስረዳችን ነገር እስከ ዛሬ አልጠፋኝም፦ አባቴን ያደከመው መቀመጥ ነው፤ ወገቡና ዓይኑ ሲለፉ ልቡ ግን ሥራ አላገኘም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሥራዬ የሕንፃ ውሃና ማሞቂያ መስመሮችን መንደፍ ነው። ፓምፕና ቧንቧ ስለማውቅ ግን ነገሩን ከዚያ በኩል ላስረዳችሁ።

ፓምፑ

ልብ የቡጢያችሁን ያህል ጡንቻ ነው። ዐርፎ የተቀመጠ ጎልማሳ ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ይመታል፤ በአንድ ምት ወደ 70 ሚሊ ሊትር ደም ይገፋል። ሲባዛ ወደ 5 ሊትር ይመጣል፤ በሰውነታችን ውስጥ ካለው ደም ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ደማችሁ በአንድ ደቂቃ ገደማ ሙሉ ዙር ይጨርሳል።

የዚህን ዙር ግማሽ ቀድሞ የገለጸው በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሙስሊም ሐኪም ኢብኑ ነፊስ ነው። ደማስቆ ተምሮ ካይሮ ውስጥ ሲያክም ኖሮ በ1288 እዚያው ያረፈ ሰው ነው። በእሱ ዘመን ደም ከልብ ቀኝ ወደ ግራ የሚያልፈው በመካከል ባለው ግድግዳ ቀዳዳዎች በኩል ነው ይባል ነበር። እሱ ግን ግድግዳው ቀዳዳ እንደሌለው፣ ደሙም በሳንባ ዞሮ እንደሚመለስ ጻፈ። እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ ሙሉውን ዑደት ያሳተመው በ1628 ነው።

ስትሮጡ ጡንቻችሁ ኦክስጅን ይጠይቃል፤ ልብም በደቂቃ የሚገፋውን ደም ከ5 ወደ 20 ሊትር ገደማ ሊያሳድግ ይችላል። ይህን ለወራት የለመደ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም መግፋት ይጀምራል፤ ስለዚህ በዕረፍት ሰዓት ብዙ መምታት አያስፈልገውም። በደቂቃ 70 የሚመታ ልብ በቀን 100,800 ጊዜ ይመታል፤ 55 የሚመታው 79,200 ጊዜ። ልዩነቱ በቀን ከ21,000 ምት በላይ ነው። እኔ የምመርጠው ፓምፕ በሠራ ቁጥር እያለቀ ይሄዳል፤ ልብ ግን በልኩ ሲሠራ ይጠነክራል። ሱብሐነላህ!

ወላጆቻችሁን «ማርሽ ቀያሪው» ማን እንደሆነ ጠይቋቸው። ምሩጽ ይፍጠር በ1980 የሞስኮ ኦሎምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ያገኘ ሯጭ ነው። ስሙ የወጣለት መጨረሻው ላይ በድንገት ፍጥነት ስለሚጨምር ነው። ኋላ ኑሮውን እዚሁ ቶሮንቶ አድርጎ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. (ዲሴምበር 2016) እዚሁ አረፈ። ያ ማርሽ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፤ የዓመታት ልምምድ ያሠለጠነው ልብና ሳንባ ከሥሩ ነበረ።

ቧንቧዎቹ

ከልብ ደም ይዘው የሚወጡት ደም ቅዳዎች፣ ወደ ልብ የሚመልሱት ደም መልሶች ይባላሉ።

የደም ቅዳ ችግር መጥበብ ነው። የቧንቧ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ፣ ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ፣ የፍሰት ተቃውሞው 16 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ መጥበብ ትንሽ ነገር አይደለም። እንቅስቃሴ ስታደርጉ በፍጥነት የሚፈስሰው ደም የሥሩን ውስጠኛ ግድግዳ ይዳስሳል፤ ግድግዳውም ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ንጥረ ነገር አመንጭቶ ሥሩን ያላላዋል። ይህ ሲደጋገም ግፊቱን ዝቅ ለማድረግ ይረዳል።

የደም መልስ ችግር ደግሞ ዳገት ነው። ከእግር የሚመለሰውን ደም የልብ ግፊት ብቻውን በደንብ አያደርሰውም። የሚያግዘው የባታችሁ ጡንቻ ነው፤ በተራመዳችሁ ቁጥር ሥሩን ይጨምቀዋል፣ በውስጡ ያሉት ቫልቮችም ደሙ ወደ ታች እንዳይመለስ ይዘጋሉ። ለሰዓታት ስትቀመጡ ይህ ሁለተኛ ፓምፕ ጠፍቷል ማለት ነው። መሪ ላይም ሆነ ጌም ላይ ያው ነው።

«እኛ በቀን አምስት ጊዜ እንሰግዳለን፣ አይበቃም?» የሚል አይጠፋም። መቆሙ፣ ሩኩዑና ሱጁዱ ከመቀመጥ ያላቅቃል፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ሶላት ዒባዳ ነው እንጂ የልብ ልምምድ ተብሎ አልተደነገገም። ልብን ለማሠራት ረዘም ያለና ትንፋሽ የሚጨምር እንቅስቃሴ ያስፈልጋል።

ስንት ይበቃል?

• የካናዳ መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ፣ ከ18 ዓመት በላይ ላሉ ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ ይላል። ፈጠን ያለ እርምጃ ይቆጠራል።
• መለኪያው ቀላል ነው፦ እያወራችሁ መሄድ ከቻላችሁ፣ ነሺዳ ማዜም ግን ካቃታችሁ ልኩ ላይ ናችሁ።
• በበጋ የቴይለር ክሪክ መንገድ ወይም የሐይቁ ዳር አለ። በክረምት የሕንፃችሁ ደረጃ አለ። እህቶች፣ በአንዳንድ የከተማው መዋኛዎች ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓት ስላለ ጠይቁ።
• በረመዳን ከኢፍጣር በፊት ቀለል ያለ እርምጃ፣ ጠንከር ያለውን ከኢፍጣር በኋላ አድርጉ። መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።
• ስፖርት ስትሠሩ ራሳችሁን ከሳታችሁ ወይም ደረታችሁን ካመማችሁ አቁሙና ታዩ። በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለም ለሐኪም ንገሩ።

«ጨጓራዬ ነው»

ይህችን ቃል ሁላችንም እናውቃታለን። አባት ወይም እናት ደረታቸውን ይዘው «ጨጓራዬ ነው፣ ይተወኛል» ይላሉ። ደረትን የሚጫን ሕመም፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ስሜት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ ካያችሁ ግን አትከራከሩ፤ 911 ደውሉ። ሴቶች ላይ ምልክቱ ማቅለሽለሽና ከባድ ድካም ብቻ ሊመስል ይችላል። እንግሊዝኛው የሚቀላችሁ እናንተ ስለሆናችሁ ስልኩን የምታነሡትም እናንተ ናችሁ።

አባቴ ዛሬም መድኃኒቱን ይወስዳል፤ መቀነስም ማቆምም የሐኪሙ ውሳኔ ነው። ግን ቅዳሜና እሁድ ከዐስር ሶላት በኋላ አብረን እንወጣለን። «ስፖርት ሥራ» ስለው እምቢ ያለኝ ሰው «አባዬ፣ ትንሽ አብረን እንራመድ» ስለው ጫማውን አደረገ። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ሄደን ተመለስን፤ አሁን አርባ ደቂቃ እንሄዳለን። እኔ ያላወቅኩትን የልጅነቱን ታሪክ የሰማሁትም በዚያ መንገድ ላይ ነው።

ሰውነታችን አማና ነው፤ የወላጆቻችን ጤናም በእጃችን ካለው አማና አንዱ ነው። የፊታችን ቅዳሜ አንዳቸውን ይዛችሁ ውጡ። አላህ ለእኛም ለእነሱም ዓፊያ ይስጠን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።