ርጥብ መንደርደሪያ በደጋ ምድር፦ ውኃ፣ ከፍታና ብሬክ በአዲስ አበባ የክረምት በረራ

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጥናት ውኃ ባረፈበት መንደርደሪያ ላይ አውሮፕላን ሲነሣና ሲያርፍ የሚጸኑትን የደኅንነት ደንቦች ከአዲስ አበባ ከፍታና ከክረምቱ ዝናብ ጋር አያይዞ ይመረምራል። ማዕከላዊ መከራከሪያው፣ ከፍታና ውኃ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚያስከትሉት ችግር ቢታወቅም አንድ ላይ ሲገናኙ ግን አንዱ የሌላውን ጫና ያባብሳል የሚል ነው። ጥናቱ ይህን በቀላል ስሌት አሳይቶ ለአውሮፕላን ማረፊያዎችና ለበረራ ሠራተኞች የሚጠቅሙ ነጥቦችን ይጠቁማል።

ቁልፍ ቃላት፦ መንደርደሪያ፣ በውኃ ላይ መንሳፈፍ፣ ሰበቃ፣ የማረፊያ ርቀት፣ ቦሌ

1. መግቢያ

የአዲስ አበባ የአቪዬሽን ታሪክ የሚጀምረው ከቦሌ ሳይሆን ከከተማዋ ምዕራባዊ ክፍል ነው። ከኮልፌ ቀራኒዮ ጋር በሚጎራበተው አካባቢ የነበረው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ለጄት አውሮፕላኖች የማይበቃ ሆኖ በመገኘቱ፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ አገልግሎቱ ወደ ቦሌ ተዛወረ። «ኦልድ ኤርፖርት» የሚለው የሰፈር ስም እስከ ዛሬ ያንን ዘመን ያስታውሳል። ቦታው ቢለወጥም ሁለት ነገሮች አልተለወጡም፤ እነርሱም የከተማዋ ከፍታና የክረምቱ ዝናብ ናቸው።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል፤ ብዙውን ጊዜም ከሰዓት በኋላ በአጭር ጊዜ ውስጥ በኃይል የሚዘንብ ነው። በኮልፌ ቀራኒዮ የሚኖር ሰው እንደሚያውቀው፣ በምዕራብ በኩል ዶፍ ሲወርድ በምሥራቅ ፀሐይ ልትወጣ ትችላለች። ይህ የዝናብ ጠባይ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ደረቅ የነበረው መንደርደሪያ ውኃ ሊቋጥር፣ ውኃ የቋጠረውም መልሶ ሊጠነፍፍ ይችላል ማለት ነው።

2. «ርጥብ» እና «የተበከለ» መንደርደሪያ

በዕለት ተዕለት ንግግር ርጥብ የምንለው ሁሉ በአቪዬሽን ቋንቋ አንድ አይደለም። በላዩ የሚታይ እርጥበት ያለበት ወይም እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ የሸፈነው መንደርደሪያ «ርጥብ» ይባላል። ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ውኃ፣ በረዶ ወይም የቀለጠ በረዶ ከመንደርደሪያው ጉልህ ክፍል ላይ፣ በተለምዶ ከ25 በመቶ በላይ በሚሆነው ላይ ሲገኝ ግን «የተበከለ» ይሆናል። የ3 ሚሊ ሜትር ድንበር በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ ከዚያ በላይ ውኃው ከጎማው ሥር ለመውጣት ጊዜ እያጣ፣ ጎማው አስፋልቱን ሳይሆን ውኃውን መርገጥ ይጀምራል።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከጥቅምት 25 ቀን 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 2021) ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው የሪፖርት ሥርዓት ይህን ልዩነት በቁጥር ይገልጸዋል። መንደርደሪያው በሦስት እኩል ክፍሎች ይከፈልና እያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 6 የሚደርስ የሁኔታ ቁጥር ይሰጠዋል። ደረቅ መንደርደሪያ 6፣ ርጥብ 5፣ ሲርስ የሚያንሸራትት መሆኑ የታወቀ 3፣ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ውኃ የቋጠረ 2 ያገኛል። ስለዚህ «5፣ 5፣ 2» የሚል ሪፖርት የደረሰው አብራሪ፣ አውሮፕላኑ ፍጥነቱን ጨርሶ መቆም በሚገባው በመጨረሻው ክፍል ውኃ እንደሚጠብቀው ይረዳል። ከቁጥር 5 ወደ 2 መውረድ በፊደል ደረጃ ትንሽ ቢመስልም የብሬኩን ኃይል ከ«ጥሩ» ወደ «ከመካከለኛ በታች» የሚያወርድ ነው።

3. ከፍታ ውኃን እንዴት ያባብሳል?

አውሮፕላን በአየር ላይ የሚቆመው በአየሩ ግፊት ነው። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ግፊት ለማግኘት በፍጥነት መብረር ግድ ይላል። በቦሌ ከፍታ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነበት ቀን፣ የአየሩ እፍግታ በባሕር ጠለል ካለው መደበኛ መጠን ወደ 74 በመቶ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት የፍጥነት መለኪያው 130 ኖት በሚያሳይበት ጊዜ አውሮፕላኑ፣ ነፋስ ከሌለ፣ በመሬት ላይ የሚጓዘው በ151 ኖት ገደማ ነው። የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ብሬክና ተገላቢጦሽ የሞተር ግፊት ሊያጠፉት የሚገባው ጉልበት በ35 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

እስከዚህ ያለው የታወቀ ነው። ትኩረት የሚያሻው ቀጣዩ ደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ ናሳ የተካሄዱ ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ ጎማ በውኃ ላይ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት ከጎማው የውስጥ ግፊት ጋር የተያያዘ ነው፤ የግፊቱ ስኩዌር ሩት በ9 ሲባዛ ፍጥነቱን በኖት ይሰጣል፤ ግፊቱ የሚለካውም በፓውንድ በካሬ ኢንች ነው። ግፊቱ 200 ለሆነ ጎማ ውጤቱ 127 ኖት ገደማ ይሆናል። ይህ ቁጥር የመሬት ፍጥነት እንጂ የአየር ፍጥነት አይደለም፤ በከፍታም አይለወጥም። በሌላ አነጋገር፣ አየሩ የአውሮፕላኑን የማረፊያ ፍጥነት ከፍ ሲያደርገው፣ ውኃው ግን ድንበሩን ከነበረበት አያንቀሳቅስም።

ይህን በምሳሌ እንመልከት። በባሕር ጠለል በ130 ኖት ያረፈ አውሮፕላን ከመንሳፈፊያው ድንበር በታች ለመውረድ 3 ኖት ብቻ መቀነስ ይበቃዋል። በቦሌ በ151 ኖት ያረፈው ግን 24 ኖት መቀነስ አለበት። ጎማዎቹ በማይዙበት በዚያ ወቅት በስፖይለርና በተገላቢጦሽ ግፊት ብቻ በየሰከንዱ 2 ሜትር በሰከንድ ፍጥነት ይቀንሳል ብለን ብንወስድ፣ የመጀመሪያው 50 ሜትር ገደማ፣ ሁለተኛው ደግሞ 440 ሜትር ገደማ ያለ ጎማ ብሬክ ይጓዛሉ። ስሌቱ መንደርደሪያው በእርግጥ ውኃ ለቋጠረበት ሁኔታ ሰፊ ግምት እንጂ የአምራቹን ሠንጠረዥ የሚተካ አይደለም። ሆኖም ከፍታና ውኃ ተደማሪዎች ብቻ ሳይሆኑ ተባባሪዎች መሆናቸውን ያሳያል።

4. ደንቡ የሚሰጠው ክምችት

በአሜሪካና በአውሮፓ ደንቦች የጸናው መሠረታዊ ሥርዓት፣ ጄት አውሮፕላን በረራው ከመነሣቱ በፊት በሚደረገው ስሌት፣ ለማረፊያ ከሚገኘው ርዝመት በ60 በመቶው ውስጥ መቆም እንዲችል ያስገድዳል። መንደርደሪያው ርጥብ እንደሚሆን ከተገመተ በዚያ ላይ 15 በመቶ ይጨመራል። በ3,800 ሜትር መንደርደሪያ፣ ርዝመቱ በሙሉ ለማረፊያ ቢውል፣ የሚፈቀደው የደረቅ ማቆሚያ ርቀት 2,280 ሜትር ሲሆን፣ በርጥብ ጊዜ ወደ 1,980 ሜትር ገደማ ይጠባል። በ2,500 ሜትር መንደርደሪያ ደግሞ ከ1,500 ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የቦሌ ረጅም መንደርደሪያዎች ከፍታው የሚወስደውን ለማካካስ የተሠሩ ናቸው፤ ስለዚህ ትርፋቸው ለሌላ ስሕተት መሸፈኛ ተደርጎ መቆጠር የለበትም።

የአምራቾች ሠንጠረዦች ከፍታንና ሙቀትን አስቀድመው ይይዛሉ። የማይዙት ነገር የዚያች ሰዓት ውኃ ጥልቀት፣ የጀርባ ነፋስና የዘገየ ንክኪ ናቸው። በ151 ኖት የሚጓዝ አውሮፕላን መሬት ሳይነካ አንድ ሰከንድ በተንሳፈፈ ቁጥር 78 ሜትር ያህል መንደርደሪያ ያባክናል። በዚህ ምክንያት አብራሪዎች ከመውረዳቸው በፊት በደረሳቸው አዲስ ሪፖርት ስሌቱን እንደገና እንዲሠሩና ቢያንስ የ15 በመቶ ትርፍ እንዲይዙ ይመከራል።

በመነሣት ጊዜም የራሱ ጥንቃቄ አለ። ውኃው ጎማውን ይጎትታል፤ ፍጥነት መጨመርን ያዘገያል። መነሣቱ ቢቋረጥ ደግሞ ማቆም ይከብዳል። ስለዚህ የመወሰኛው ፍጥነት ዝቅ ይደረጋል፤ በተበከለ መንደርደሪያ ላይ የሞተር ኃይልን ለቁጠባ መቀነስም አይፈቀድም። በቀጭን አየር ሞተሩ ራሱ ኃይል ስለሚያንሰው፣ በቦሌ የዚህ ውጤት ብዙውን ጊዜ ጭነት መቀነስ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1958 በሙኒክ 23 ሰዎች የሞቱበት አደጋ፣ የቀለጠ በረዶ አውሮፕላን ከመሬት እንዳይነሣ ምን ያህል እንደሚይዝ ለዓለም ያስተማረ ነው።

5. የሌሎች ሀገሮች ተሞክሮ

ከቦሌ ሁኔታ ጋር በቅርብ የሚነጻጸረው በሕንድ ካሊኬት እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 2020 የደረሰው ነው። በዝናብ ወቅት፣ በጀርባ ነፋስ፣ በተራራ አናት ላይ በተሠራ መንደርደሪያ ያረፈው ቦይንግ 737፣ መሬት የነካው ከመንደርደሪያው ግማሽ ገደማ ተጉዞ ነበር፤ 21 ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2007 በሳኦ ፓውሎ ኮንጎኛስ 199 ሰዎች የሞቱበት አደጋ ደግሞ፣ እንደገና የተነጠፈውና ውኃ የሚያስወግዱ ቦዮች ገና ያልተቆረጡለት መንደርደሪያ ላይ ደረሰ፤ የሞተር መቆጣጠሪያው አቀማመጥም ስፖይለሮች እንዳይነሡ አድርጎ ነበር። በሁለቱም ዝናቡ ብቻውን አልገደለም። ዝናቡ ያደረገው፣ በደረቅ ቀን ይቅር ሊባል የሚችለውን ጉድለት ይቅርታ የማይገባው ማድረግ ነው።

6. መደምደሚያና ማሳሰቢያ

ከዚህ ትንተና አራት ነጥቦች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ውኃ በመንደርደሪያ ላይ እንዳይቆም የሚያደርገው ግንባታው ነው፤ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ የሚደርስ የጎን ተዳፋት፣ ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር የሚሆን የገጽ ሸካራነትና የተቆረጡ ቦዮች ከማንኛውም ማስጠንቀቂያ ይቀድማሉ። ሁለተኛ፣ አውሮፕላኖች በሚያርፉበት ቦታ የሚጠራቀመው የጎማ ላስቲክ ሲርስ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ጽዳቱ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት ቢጠናቀቅ ይመረጣል። ሦስተኛ፣ ዝናቡ በደቂቃዎች ስለሚለዋወጥ፣ የሦስቱ ክፍሎች ሪፖርት ከነሰዓቱ በየጊዜው መታደስ አለበት፤ ከአንድ ሰዓት በፊት የተሰጠ ቁጥር 5 ከሰዓት በኋላ በወረደ ዶፍ ላይ ዋጋ የለውም። ያረፉ አብራሪዎች ስለ ብሬኩ የሚሰጡት ቃልም ቁጥሩን ዝቅ ለማድረግ በቂ ምክንያት ሊሆን ይገባል።

አራተኛውና ዋነኛው ነጥብ ግን ትዕግሥት ነው። የአዲስ አበባ ዶፍ ኃይለኛ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ያልፋል። በአየር ላይ ሃያ ደቂቃ መጠበቅ፣ ወይም ወደ ሌላ ማረፊያ መሄድ፣ ነዳጅና ጊዜ ያስወጣል፤ መንገደኛውንም ያሰለቻል። ይሁን እንጂ ውኃው ከጎማው ሥር የሚወጣበትን ጊዜ የሚሰጠው ይኸው መጠበቅ ነው። ለመጠበቅ የሚያስችል ነዳጅ ይዞ መነሣትና ከመሬት ንክኪ በፊት መልሶ ለመውጣት የወሰነን አብራሪ አለመውቀስ፣ ከደንቡ ቁጥሮች እኩል የደኅንነት አካል ሆነው መታየት አለባቸው።