አይጥ ስፍራ ማስታወሷ በምን ይመዘናል?

ጥያቄ፦ የአይጥ ትዝታ በውኃ ገንዳ ይለካል ሲባል ሰማሁ። ቶሎ ዋኝታ መውጣቷ ማስታወሷን ያስረዳልን? (ከሰቆጣ)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። ሪቻርድ ሞሪስ የተባሉት ሊቅ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ዘዴ መሠረት፣ ክብ ገንዳ ውኃ ተሞልቶ በወተት ከደፈረሰ በኋላ፣ ከገጹ ጥቂት ዝቅ ብሎ የማይታይ መቆሚያ ይተከልና፣ መዋኘት ብትችልም ውኃ የማትወደው አይጥ በየጊዜው ከልዩ ልዩ ዳርቻ ትለቀቃለች፤ መንገደኛ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ገና ሳያየው በዙሪያው ተራሮች አቅጣጫውን እንደሚያውቅ፣ እርሷም በክፍሉ ግድግዳ ካሉት ምልክቶች አንጻር ስውሩን ስፍራ ታጠናለች።

ነገር ግን ብርቱ ዋናተኛ ያለ ትዝታም ልትቀድም ትችላለችና፣ ፍጥነት ብቻውን ስምዐ ጽድቅ አይሆንም። ስለዚህ የዋኘችው ርቀት ይለካል፤ የዓይኗም ጤንነት መቆሚያው እንዲታይ ተደርጎ ይመረመራል። ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ መቆሚያው ፈጽሞ ተወስዶ፣ አይጧ ቀድሞ በነበረበት የገንዳው ሩብ ክፍል ምን ያህል ጊዜ እየዞረች እንደምትፈልገው የሚታይበት ነው፤ ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል የተጎዳባት አይጥ በዚህ እንደምትወድቅ ሞሪስና ባልደረቦቻቸው በ1982 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። እንግዲህ ቶሎ መውጣቷን ብቻ የሚነግርዎትን ጽሑፍ በጥንቃቄ ያንብቡት።