የአጥቢያ ኮከብና የዓመታት ቍጥር

የዓመታትን ቍጥር ጠብቆ መያዝ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዘንድ እንደ ትንሽ ነገር የሚታይ አይደለም። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አንድ ዓመት ቢዘለል አበቅቴው በ11 ይዛነፋል፤ አበቅቴው ሲዛነፍ መጥቅዑ ይዛነፋል፤ መጥቅዑ ከተዛነፈ ጾመ ነነዌ በቦታው አይውልም፤ ከእርሱም ጋራ ዐቢይ ጾምና ሆሣዕና፣ ስቅለትና ትንሣኤ ሁሉ ይናወጣሉ። ስለዚህ መምህሮቻችን ቍጥር ሲያስተምሩን ያስጨንቁን የነበረው ውጤቱን በማግኘታችን ሳይሆን፣ ያገኘነውን በሌላ መንገድ መልሰን በመመርመራችን ነበር። ይህን ማስቀደማችን ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የምንናገርለት ሰው ከጥንቱ ዘመን ቍጥር አንድ ዓመት ሳይሆን አምስት መቶ ዓመት የሚያህል ቈርጦ የጣለ ነውና።

ይህ ሰው ኢማኑኤል ቬሊኮቭስኪ ይባላል። በ1895 (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በሩስያ ግዛት በቪቴብስክ ከተማ ከአይሁድ ወገን ተወለደ። ሕክምና ተምሮ በፍልስጥኤም ምድር የአእምሮ ሐኪም ሆኖ ሠራ፤ በ1939 ወደ ኒውዮርክ ተሻገረ። በ1950 «ዓለማት ሲጋጩ»፣ በ1952 ደግሞ «የተመሰቃቀሉ ዘመናት» ተብለው ሊተረጐሙ የሚችሉትን ሁለት መጻሕፍት አሳተመ። የሞተው በ1979 ነው።

ትምህርቱ ባጭሩ እንዲህ ነው። መጻሕፍታችን ዝሁራ የሚሏት፣ ፈረንጆች ቬኑስ የሚሏት የአጥቢያ ኮከብ ከጥንት ጀምሮ በዛሬው ስፍራዋ የነበረች አይደለችም ይላል። ከመሽተሪ ማለት ከጁፒተር ተወርውራ ወጣች፤ እንደ ጅራታም ኮከብም ስትዞር ቈይታ እስራኤል ከግብጽ በወጡበት ዘመን ወደ ምድር ቀረበች። ከጅራቷ የወረደው ቀይ ትቢያ ወንዙን ደም አስመሰለው፤ ስሕበቷ ባሕረ ኤርትራን ከፈለ፤ ከጢሷ የረጋው ነገር መና ሆነ። ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ ዳግመኛ ቀርባ የምድርን ዙረት ስላወከች ፀሐይ በገባዖን ለኢያሱ ቆመች። ከዚያም ከ747 እስከ 687 ቅ.ል.ክ. መሪኅ ማለት ማርስ በተራዋ ምድርን አናወጠች፤ የሰናክሬም ሠራዊት የጠፋው በዚህ ነው ይላል። ምስክር አድርጎ የሚያቀርበውም በብዛት የአሕዛብን ተረት ነው። ግሪኮች አቴና ከዜውስ ራስ ተወለደች ይሉ የለምን? ይህ እንግዲህ ለእርሱ ዝሁራ ከጁፒተር መውጣቷን በዓይን ያዩ ሰዎች የተዉት ትዝታ ነው።

እውነቱን እንናገር፤ የዚህን መጽሐፍ አሳብ አሳጥሮ የሚተርክ ጽሑፍ ከብዙ ዓመታት በፊት በእጃችን በገባ ጊዜ ደስ ብሎን ነበር። ስለ ባሕረ ኤርትራ መከፈል በዐውደ ምሕረት ባስተማርንበት ቀንም ጽሑፉን ሳንመረምር፣ «እነሆ የፈረንጅ ሊቅ ይህን በሰማይ ምርምር አረጋገጠው» ብለን ተናገርን። ሕዝቡም እልል አለ። ይህን ከእኛ የሰማ አንድ ዲያቆን ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች መልሶ አስተማረው። ከልጆቹ አንዱ፣ ፊዚክስ የሚማር፣ ተነሥቶ ጠየቀው፤ ከጁፒተር ስሕበት ለማምለጥ በሴኮንድ 60 ኪሎሜትር ያህል መፍጠን ያስፈልጋል፤ መጠኗ ከምድር ብዙ የማታንሰውን ዝሁራን እንዲህ አድርጎ የወረወራት ኀይል ምንድን ነው? አለው። ዲያቆኑ መልስ አጣ። ልጁም «እንግዲያማ የቀረውም ትምህርት እንዲሁ ይሆናል» ብሎ ወጣ፤ ወደ ጉባኤውም አልተመለሰም። ዲያቆኑ ወደ እኛ መጥቶ «የኔታ፣ እኔ ያስተማርሁት የእርስዎን ቃል ነው፤ አሁን ምን ልበል?» ባለን ጊዜ የምንመልስለት አልነበረንም። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈውም ያን ዕዳ ለመክፈል ነው።

በሰውዬው ላይ ግን ያለ ፍርድ አንናገር። በ1950 መጽሐፉ ሲወጣ የሃርቫርዱ የከዋክብት ሊቅ ሃርሎ ሻፕሊና ሌሎችም ገና በሚገባ ሳያነቡት በአሳታሚው በማክሚላን ላይ ተነሡበት። አሳታሚው የትምህርት መጻሕፍት ገበያውን ፈርቶ መጽሐፉን ለሌላ ድርጅት አሳልፎ ሰጠ። ብዙ ሰውም «እውነት ባይሆን ይህን ያህል ባልፈሩት» አለ። መጽሐፍን በማፈን ማን መቼ ረታ? ደግሞም ሰውዬው ዝሁራ እጅግ የጋለች ናት ብሎ ነበር፤ ገጿም 460 ዲግሪ ያህል የጋለ መሆኑ በኋላ ተረጋግጧል። ነገር ግን ያጋላት እርሱ እንዳለው ከጁፒተር ይዛው የወጣችው እሳት ሳይሆን የከበባት ወፍራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር ነው፤ ደመናዋም ዘይት ነክ ጢስ ሳይሆን የሰልፈር አሲድ ሆኖ ተገኘ።

የዘመንን ቍጥር በማረሙም ብቻ አንፈርድበትም። በብሉይ ኪዳን ቍጥር የዕብራይስጡና የግሪኩ መጽሐፍ እንደሚለያዩ የታወቀ ነው። አዳም ሴትን ሲወልድ በዕብራይስጡ የ130፣ በግሪኩና በእኛ ግእዝ የ230 ዓመት ሰው ነበር፤ ከግብጽ መውጣት እስከ ቤተ መቅደስ መመሥረት ዕብራይስጡ 480 ሲል ግሪኩ 440 ይላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ሌላውን «ለምን ቍጥር ነካህ» ብሎ ሊወቅሰው አይገባም። ሊጠይቀው የሚገባው «በሌላ መንገድ መረመርኸውን?» ብሎ ነው።

እንመርምረው። ቬሊኮቭስኪ ከ747 ቅ.ል.ክ. በፊት ዓመቱ 360 ቀን ነበረ፤ አምስቱ ቀን የተጨመረው ምድር ከተናወጠች በኋላ ነው ይላል። የእኛ ዐሥራ ሁለቱ ወራት እያንዳንዳቸው ሠላሳ ሠላሳ ቀን መሆናቸውን ቢያይ ደስ ባለው ነበር! ነገር ግን አምስቱ የጳጕሜን ዕለታት በግብጽ ነገሥታት ፒራሚድ ውስጥ በተቀረጸው ጽሑፍ አስቀድመው ተጠቅሰዋል፤ ይህም እርሱ ከሚለው ዘመን ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። ከዚህ የሚበረታ ምስክርም አለ። አሦራውያን እያንዳንዱን ዓመት በአንድ ሹም ስም ይጠሩት ነበር፤ በቡር ሳጋሌ ዓመት፣ ሲማኑ በሚባለው ወር ፀሐይ እንደ ጨለመች ጽፈዋል። የዛሬ ሊቃውንት የፀሐይንና የጨረቃን ጉዞ ወደ ኋላ ቢቈጥሩ ጁን 15 ቀን 763 ቅ.ል.ክ. በአሦር አገር ያለፈ ግርዶሽ አገኙ። በቻይናም በሉ መንግሥት ፀሐይ ፈጽማ እንደ ተሸፈነች የተጻፈው ጁላይ 17 ቀን 709 ቅ.ል.ክ. ላይ ይውላል። የመጀመሪያው ግርዶሽ ተናወጠ ከሚለው ዘመን በፊት፣ ሁለተኛው በዘመኑ መካከል ነው። በዚያ ጊዜ የምድር መንገድና ዙረት ተለውጦ ቢሆን፣ ከዛሬ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚቈጥር ሰው እነዚህን ሁለት ቀኖች ከቶ ባላገኛቸውም ነበር። የምድር ዙረት በባሕር ሙላትና ጕድለት ምክንያት ቀስ በቀስ እንደሚዘገይ ይታወቃል፤ ከዚያ ዘመን እስከ ዛሬ የተጠራቀመው መዘግየት ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ይህን ያህል ጥቂት ነገር በግርዶሹ መዝገብ ተይዞ ሳለ የምድር መናወጥ ተሰውሮ ሊያመልጥ አይችልም።

ወደ እኛ የሚቀርበው ነገር ግን የንግሥቲቱ ነው። ቬሊኮቭስኪ ዘመኑን ከቈረጠ በኋላ፣ የግብጿ ንግሥት ሐትሼፕሱት የሰሎሞን ዘመን ሰው ሆነችለት፤ ስለዚህ ሰሎሞንን ልታይ የመጣችው ንግሥት እርሷ ናት አለ። የአይሁዱ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ንግሥቲቱን የግብጽና የኢትዮጵያ ንግሥት ማለቱን ደገፍ አደረገ፤ ክብረ ነገሥትንም ጠቅሶ፣ ማክዳ የሚለው ስም ማኬራ ብሎ ከሚያነበው ከሐትሼፕሱት የመንግሥት ስም ጋራ አንድ ነው አለ። መጽሐፋችን በፈረንጅ ሊቅ ሲጠቀስ ያየ ሰው ልቡ መሞቁ አይቀርም፤ የእኛም ሞቆ ነበር። ነገር ግን አስተውሉ፤ እንዲህ ከሆነ ማክዳ ግብጻዊት ሆነች፤ ክብረ ነገሥት የጠቀመውም ራሱን እንዲያፈርስ ብቻ ነው።

ደግሞስ በዴር ኤል ባሕሪ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተቀረጸው ምንድን ነው? አምስት መርከቦች ፑንት ወደምትባል አገር ሲሄዱ ይታያሉ። ንግሥቲቱ በመርከቦቹ ውስጥ የለችም፤ የሄደው መልእክተኛዋ ነው። የተቀበሉትም የፑንት አለቃ ፓራሁና ሚስቱ አቲ ናቸው፤ ሰሎሞን የሚባል ሰው በዚያ የለም። መርከቦቹ ከነሥራቸው የተነቀሉ የዕጣን ዛፎች፣ ወርቅ፣ ዞጲ፣ የዝሆን ጥርስና ዝንጀሮ ጭነው ተመለሱ። የመጽሐፍ ቅዱሷ ንግሥት ግን ራሷ ሄደች፤ የሄደችውም በግመል ነው፤ 120 መክሊት ወርቅና ሽቱም ሰጠች እንጂ ከዝንጀሮ ጋራ አልተመለሰችም። በ2010 የኦክስፎርድ ሊቃውንትና ባልንጀሮቻቸው ከግብጽ መቃብሮች የተገኙ ከ200 የሚበልጡ የዕፀዋት ቅሪቶችን በራዲዮካርቦን መርምረው፣ የታወቀው የግብጽ ነገሥታት ቍጥር በመሠረቱ ትክክል መሆኑን አሳይተዋል። ሐትሼፕሱት በ15ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. ነበረች፤ ሰሎሞን በ10ኛው። በመካከላቸው ያለውን አምስት መቶ ዓመት ማንም በብዕር ሊሰርዘው አይችልም።

ለኢትዮጵያ የሚገባው ድርሻ በሌላ በኩል መጣ። በግብጽ መቃብር የተገኙ የደረቁ የዝንጀሮ ሬሳዎች በ2020ና በ2023 ተመርምረው፣ አገራቸው ወደ ኤርትራና ወደ ኢትዮጵያ፣ በተለይም የኋለኛው ምርመራ ወደ አዱሊስ ባሕር ዳርቻ እንደሚያመለክት ታወቀ። ፑንት ከእኛ ወገን ሳትሆን አትቀርም ማለት ነው። ዲያቆኑ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ማክዳስ፣ የኔታ?» አለን። ማክዳ በሰሎሞን ዘመን፣ በነበረችበት ትኑር፤ የሐትሼፕሱትን ግድግዳ ግን አንነጥቅላትም አልነው።

ስለ ተአምራቱም ጠየቀን። ባሕር የተከፈለው በሚያልፍ ኮከብ ስሕበት ከሆነ የሙሴ በትር ምን ሠራች? ኮከቡ እስራኤልንም ፈርዖንንም አያውቅም። የተአምር ባለቤት እግዚአብሔር ነው የሚል ሰው ለተአምሩ ጅራታም ኮከብ መፈለግ አያስፈልገውም፤ ኮከብ ነው የሚልም ኮከቡ የተወውን ምልክት የማሳየት ግዴታ አለበት። እኛ በዐውደ ምሕረት ሁለቱን ቀላቅለን ነበር።

የቀረው የዝሁራ ነገር ነው። ከነነዌ በተገኘና ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ባለ የሸክላ ጽላት ላይ፣ በባቢሎኑ ንጉሥ በአሚጻዱቃ ዘመን ዝሁራ በምሽት የተሰወረችበትና በንጋት የታየችበት ቀን የ21 ዓመት ያህል ተመዝግቧል። አሚጻዱቃ ከሐሙራቢ በኋላ አራተኛው ንጉሥ ነው፤ ዘመኑ በብዙዎች ቍጥር 17ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. ነው፤ ይህም ኮከቧ ወደ ምድር ቀረበች ከሚባልበት ዘመን በፊት ነው። ዝሁራ ዛሬ በ8 ዓመት አምስት ጊዜ ዙራ ወደ ጥንት ስፍራዋ እንደምትመለስ፣ በጽላቱም ላይ እንዲሁ ትመለሳለች። ቬሊኮቭስኪ ከቍጥሮቹ አንዳንዶቹ የማይገጥሙ መሆናቸውን አይቶ፣ ኮከቧ ስትባዝን ነበር አለ። ነገር ግን በእጃችን ያለው ጽላት ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተገለበጠ ነው፤ ጸሐፊ ቍጥር ሲገለብጥ እንዴት እንደሚስት የብራና ሰው ሁሉ ያውቃል።

ዲያቆኑ ይህን በቃል ብቻ እንዲቀበል አልወደድንም። ከኪዳን በፊት በቤተ ክርስቲያኑ ምሥራቅ በር ቆሞ፣ ማታም ከሠርክ ጸሎት በኋላ በምዕራብ በኩል፣ ዝሁራ የታየችበትንና የተሰወረችበትን ቀን በደብተር እንዲጽፍ አዘዝነው። ይኸው ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ባለፈው ክረምት በነሐሴ ደመና ምክንያት ዘጠኝ ቀን ሳያያት ቀርቶ፣ ከቍጥሩ ጋራ እንዲገጥምለት ግምቱን ጽፎ አገኘነው። ግምቱን አስፍቀን በስፍራው «ደመና ነበር፤ አላየሁም» እንዲል አደረግነው። ፊዚክስ የሚማረውን ልጅም አንድ ማለዳ ይዞት መጥቶ ደብተሩን አሳየው፤ ልጁም ረዥም ጊዜ ካየው በኋላ የዘጠኙን ቀን ገጽ ገልጦ «ይህን ማን ጻፈው?» ብሎ ጠየቀ።