«በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» ካልን በኋላ

የዜና አጻጻፍ መምህራችን የሰጡን የቤት ሥራ፣ አንድ የቆየ የምክር ቤት ውሳኔ መርጠን ልክ ዛሬ እንደተላለፈ አድርገን ዜና እንድንጽፍ ነበር። እኔ የኅዳር 21 ቀን 1999 ዓ.ም. ውሳኔን መረጥኩ። መግቢያዬ እንዲህ ይላል፦ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ከሶማሊያ የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረት የሚሰነዘርን ጥቃት ለመመከት መንግሥት አስፈላጊና ሕጋዊ እርምጃ ሁሉ እንዲወስድ የሚያስችለውን ውሳኔ በአብላጫ ድምፅ አጸደቀ። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ ለምን፤ ሁሉም አለበት። እውነቱን ለመናገር በራሴ ኮርቼ ነበር።

ማታ ሲኤምሲ ከታክሲ ወርጄ ወደ ግቢያችን ስገባ ጽሑፉን ለጥበቃችን ለጋሼ አነበብኩላቸው። ጋሼ የቀድሞ ወታደር ናቸው። በዚያ ዓመት ባይደዋ እንደነበሩ ስለማውቅ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው። ዝም ብለው ሰሙኝና «የኔ ልጅ፣ ይሄን እኛም ያኔ በሬዲዮ ሰምተነዋል። እጃቸውን ያወጡት ሰዎች እነማን ናቸው? ያላወጡትስ ምን ብለው ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚያ ጥያቄ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እናስታውስ። በ1998 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የፍርድ ቤቶቹ ኅብረት ሞቃዲሾን ተቆጣጥሮ ነበር። የሶማሊያ የሽግግር መንግሥት ደግሞ ባይደዋ ላይ ተወስኖ ቀርቷል። የኅብረቱ መሪዎች በኢትዮጵያ ላይ ጂሃድ አወጁ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ኅዳር 14 ቀን ምክር ቤት ቀርበው አደጋው ግልጽ እንደሆነና መንግሥት ዝግጅቱን እንዳጠናቀቀ ተናገሩ። ከሳምንት በኋላ ውሳኔው ለድምፅ ቀረበ። ታኅሣሥ 15 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጦርነት መግባታችንን በቴሌቪዥን አሳወቁ። ከአራት ቀን በኋላ ሠራዊቱ ሞቃዲሾ ደረሰ። የወጣው ግን በጥር 2001 ዓ.ም. ነው።

አሁን ወደ ፓርቲዎቹ እንምጣ። በ1997ቱ ምርጫ ከ547 መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 እንዳገኙ ተገልጿል። አዲስ አበባ ላይ 23ቱንም መቀመጫ ያሸነፈው ቅንጅት ነው። ይሁን እንጂ ድምፁ በተሰጠበት ቀን የቅንጅት ዋና ዋና መሪዎች እስር ቤት ነበሩ። ከተመረጡት ውስጥ ምክር ቤት አንገባም ያሉ አሉ፣ ገብተው የተቀመጡም አሉ። ስለዚህ ውሳኔው እንደሚያልፍ ለማወቅ መደመር መቻል ብቻ ይበቃ ነበር። ከተቃዋሚው ወገን «አይሆንም» ያሉ ግን ነበሩ።

ታዲያ እንደሚሸነፉ እያወቁ ለምን? እኔ ዜናው ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጠላት ድንበር ላይ ነው በተባለበት ቀን መቃወም ቀላል አይደለም። ከጠላት ጋር የቆመ ሊያስመስል ይችላል። የ1969ኙን የዚያድ ባሬን ወረራ የሚያስታውስ ሕዝብ ፊት ደግሞ የባሰ ይከብዳል። በሌላ በኩል ደግፎ ድምፅ የሰጠው ሁሉ ፓርቲው ስላዘዘው ብቻ ነው ማለትም ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ጂሃድ ታውጆ እያለ አደጋው አሳስቦት እጁን ያወጣ አባል ይኖራል። ሁለቱም ወገን ምክንያት አለው። የኔ ዜና ግን የሁለቱንም ምክንያት «አብላጫ ድምፅ» በሚሉ ሁለት ቃላት ውጦት ቁጭ አለ።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 4 የምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሦስት ነገሮች እንደሆነ ይናገራል፦ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው። ፓርቲ የሚል ቃል እዚያ የለም። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 9 ደግሞ የጦርነት አዋጅ የሚያወጣው ይኸው ምክር ቤት እንደሆነ ይደነግጋል። የኅዳር 21ዱ ውሳኔ ግን ለመንግሥት እርምጃ የመውሰድ ፈቃድ የሚሰጥ ነበር እንጂ የጦርነት አዋጅ አልነበረም። እኔ ልዩነቱን ሳላስተውል በመጀመሪያው ረቂቄ ላይ «ጦርነት አወጀ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ የሰረዝኩት ቃሉ ስለረዘመብኝ ብቻ ነው! ጋዜጠኛ የውሳኔውን ጽሑፍ ራሱን ማንበብ አለበት የሚባለው ለካ ለዚህ ነው።

የሌሎቹን አገሮች ልምድ ደግሞ እንይ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 የእንግሊዝ ፓርላማ ኢራቅ ላይ ጦርነት ለመክፈት ድምፅ ሲሰጥ 412 ደገፉ፣ 149 ተቃወሙ። ከዚያው ከገዢው የሌበር ፓርቲ ከ130 በላይ አባላት፣ ጦርነቱ በቂ ምክንያት ገና አልቀረበበትም ለሚለው ሐሳብ ድምፅ ሰጥተዋል። እያንዳንዱ አባል ወዴት እንደቆመ በስሙ ተመዝግቦ ይወጣል፤ መራጩም ሰፈሩ ሲመጣ ይጠይቀዋል። በዚያው ወር መጀመሪያ በቱርክ ገዢው ፓርቲ ሰፊ ብልጫ እያለው፣ የአሜሪካ ጦር በአገሪቱ በኩል ወደ ኢራቅ እንዲገባ የቀረበው ሐሳብ 264 ድጋፍ፣ 250 ተቃውሞና 19 ድምፀ ተዓቅቦ አግኝቶ ወደቀ። ከተገኙት ከግማሽ በላይ ድጋፍ ያስፈልገው ነበርና ሦስት ድምፅ አነሰው። ሦስት ሰው ማለት ነው! እኛ ዘንድ ግን አባላት እጅ ያወጣሉ፣ ይቆጠራል፣ ቁጥሩ ይነገራል። ዜናው ላይ ስም ካልገባ ሰውየው ከፓርቲው ጀርባ ይጠፋል።

በኋላ የሆነውንም አንርሳ። በ2002ቱ ምርጫ ተቃዋሚዎች ምክር ቤቱ ውስጥ የነበራቸው አንድ መቀመጫ ነበር። በ2007ቱ አንድም አልነበራቸውም። «አይሆንም» የሚል እጅ በሌለበት አዳራሽ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ያለበት ዘጋቢው ብቻ ይሆናል።

እኔ የተማርኩት ይህ ነው። ስለ ጦርነት ድምፅ ተሰጠ ሲባል ከቁጥሩ ጋር ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ጽሑፉ በትክክል ምን ይፈቅዳል? አዳራሹ ውስጥ ማን ተገኘ፣ ማንስ ቀረ? ደጋፊውም ተቃዋሚውም ምን ብሎ ቆመ? ፓርቲ ይወስናል፤ ጦር ሜዳ የሚሄደው ግን ሰው ነው። ሰው ደግሞ የላከውን ሰው ማወቅ ይፈልጋል።

ጽሑፉን እንደገና ጽፌ ለጋሼ አነበብኩላቸው። የውሳኔውን ቃል፣ የመቀመጫዎቹን ቁጥር፣ የታሰሩትንና ያልገቡትን ጨምሬበታለሁ። «አሁን ትንሽ ገባኝ» አሉኝ። ከዚያም በሩን ሊከፍቱ ሲነሱ «ስሞቹንስ?» ብለው ጠየቁኝ።